እትዬ ጸሐይ ያልፈለገችው ደግነት

የእትዬ ጸሐይን መሞት የሰማሁት በስልክ ነው። ቦሌ የምሠራበት ካፌ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ልጇ ሰላም ደወለች። ሰው ሞት ሲያረዳ መጀመሪያ «የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ? እስቲ ቁጭ በይ» ይላል። ሰላም አንዱንም አላለችም።

«እናቴ ዛሬ ጠዋት ሞታለች። ቀብሯ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለችኝ። «እንዲህ አድርገሽ ንገሪያት ብላኝ ነው። ሳታዞሪ ብላኛለች።»

ስልኩን ዘግቼ ቢላዋውን እንደያዝኩ ቆምኩ። አጠገቤ ሰላጣ የምታጥበው ልጅ «ሽንኩርቱ አቃጠለሽ አይደል?» ብላ ሳቀች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አዎ ብዬ አልፍ ነበር። ያን ቀን ግን «ሰው ሞቶብኝ ነው» አልኳት።

ስለ እትዬ ጸሐይ ስጽፍም ባላዞር ደስ ይለኝ ነበር። ግን እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ ስለዚህ እንደመጣልኝ እጽፋለሁ።

እትዬ ጸሐይ ኦሎምፒያ አካባቢ ቢሮ ላለው አንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ምግብ አብሳይ ነበረች። የውጭ አገር እንግዶች የዱር አራዊት ለማየት ወደ ባሌ፣ ወደ አዋሽ፣ ወደ ሐይቆቹ ሲሄዱ አብራ ትሄዳለች። ድንኳን በተተከለበት ቡታጋዟን ለኩሳ፣ ነፋስም ይንፈስ ዝናብም ይዝነብ፣ ትኩስ ምግብ ታቀርባለች። እኔ ረዳቷ ነበርኩ። ድንች እልጣለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ በጀሪካን ውሃ እቀዳለሁ።

ልትቀጥረኝ ያየችኝ ቀን «ወጥ መሥራት ትችያለሽ?» አለችኝ። አፌ አልከፈት አለ። «ከዚህ በፊት የት ሠርተሻል?» አሁንም ዝም። ሌሎቹ ልጆች ተራቸውን እየጠበቁ ይሳሳቃሉ። «ትፈሪኛለሽ?» ስትለኝ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ እሷ ግን ፊቴን አይታ ከት ብላ ሳቀች።

«አፍሽ ተቆልፏል። ፊትሽ ግን በሩ ወለል ያለ ቤት ነው። እንዳንቺ ያለ ነው የምፈልገው።»

ለምን እንደፈለገችኝ የገባኝ ሥራ ስጀምር ነው። ደም ግፊት ስለነበረባት ሐኪም ጨው ከልክሏታል። ለራሷ ያለ ጨው ስለምትበላ ምላሷን አታምነውም። ስለዚህ ከድስቱ በጭልፋ ታወጣና መዳፌ ላይ ጠብ ታደርግልኛለች። እኔ እቀምሳለሁ፤ እሷ ፊቴን ታያለች። «በዛ? አነሰ?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ቅንድቤን፣ የአፌን ጥግ አይታ ወይ ጨው ትጨምራለች፣ ወይ ድንች ትጥልበታለች፣ ወይ ጭልፋውን በድስቱ ጠርዝ ላይ ሁለቴ መትታ «ክደኚው» ትላለች። እንግዶቹ ምግቧን ሲያወድሱ «የእኔ ሙያ አይደለም፣ የእሷ ፊት ነው» እያለች ታሳየኛለች፤ እኔ መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር።

መጀመሪያ አካባቢ አንቱ እላት ነበር። «ተይ» አለችኝ። «አንቱ ሲሉኝ የሆነ ነገር ሊያሸክሙኝ የመጡ ይመስለኛል።» ስለዚህ እትዬ እያልኩ አንቺ እላታለሁ። አጭርና ወፍራም ነበረች፤ ሻሿን ግንባሯ ላይ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች። ግራ እጇ ላይ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ያተረፈችው የካውያ ጠባሳ አለ። ስትቆጣ እሱን ታሻሸዋለች፤ ስለዚህ እጇን አይቼ ከአጠገቧ ዘወር እላለሁ።

ከሾፌሩ ከደምሴ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲነካከሱ ነው የሚውሉት። ደምሴ እንግዶቹን የሚያመላልሰውን ኮስተር የሚነዳ፣ ወንድሟ ጓደኛው የሆነ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት ሰው ነው።

«እትዬ፣ የዛሬው ሾርባ ውሃው ጥሩ ነው» ይላል።

«ጠጣው እንጂ፣ ራዲያተርህም ይኸው ነው የሚጠጣው።»

እባብ ሲነሳ ግን እትዬ ጸሐይ ሳቅ የላትም። ስሙን አትጠራም። እናቷ እንዳስተማረቻት «የምድር አውሬ» ነው የምትለው፤ ስሙ ከተጠራ ይመጣል ብላ ታምናለች። አንዴ ደምሴ እየሳቀባት «አንቺ ሞትን ሞት ብለሽ በስሙ ትጠሪያለሽ፣ እባብ ማለት ያቅትሻል?» አላት።

«ሞት ሳትጠራው ነው የሚመጣው» አለችው። «ይሄኛው ግን ካልጠራኸው ይቀራል።»

ሞትን በስሙ የምትጠራበትን ምክንያት የነገረችኝ ባሌ ተራራ ላይ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እንግዶቹም ደምሴም እኔም ያለንን ልብስ ሁሉ ደርበናል፤ እሷ ብርድ ልብስ ተከናንባ ምጣድ ታጥባለች። ካፖርት ለብሳ አይቻት አላውቅም። የራሴን ዘረጋሁላት። ወደ ኋላ ገፋችው።

«አባቴ የሞተው እኔ ቤይሩት ሳለሁ ነው» አለች፣ ምጣዱን ማሸቷን ሳታቆም። «አልነገሩኝም። ስደውል ‹ጸበል ሄዷል› ይሉኛል። ሌላ ቀን ‹ተኝቷል›። ሌላ ቀን ‹ለቅሶ ሄዷል›። እኔ ሞኟ ‹እሱ ሽማግሌ ደግሞ ምን ያዞረዋል!› እያልኩ እስቃለሁ። ብርድ አይችልም ነበርና ካፖርት ገዛሁለት። ጥቁር፣ ገበሩ ቀይ። በሰው ላክሁት። ‹ልክ ሆነው ወይ?› ብዬ ብጠይቅ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ልክ ነው፣ እጅጌው ብቻ ትንሽ ረዘመው።›»

ምጣዱን ደፍታ አስቀመጠችው።

«እጅጌው ረዘመው! ያን ጊዜ ከሞተ ዓመት አልፎታል። አገሬ ስገባ ቤተ ዘመዱ ከል ለብሶ፣ ጨርሶ፣ አውልቋል። እኔ ብቻ አዲስ ለቀስተኛ ሆንኩ። ልቤ እንዳይሰበር ብለው እኮ ነው። አውቃለሁ። ግን ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ሙት ሰው ስስቅ ኖሬያለሁ። የሳቅኩትን ማን ያወጣልኛል?»

ካፖርቴን መልሼ ለበስኩ። እሷም ወደ እኔ ዞረች።

«ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ፤ ላንቺም ልንገርሽ። የኔ ሰው ሲሞት ሳይውል ሳያድር ንገሩኝ። ብወድቅም ሰምቼ ልውደቅ።»

የማወራው ነገር የሆነው በዚያው ጉዞ መጨረሻ ቀን ነው። ከባሌ ወርደን፣ ሐይቆቹን አይተን፣ አዋሽ አድረን ወደ አዲስ አበባ እየተመለስን ነበር። እንግዶቹ ማታ ከቦሌ ይበራሉ። ከዚያ በፊት የቀረችው አንዲት ፕሮግራም ናት። ከተማው ምሥራቅ ዳር፣ ለሚ ኩራ ውስጥ፣ የተሳቢ እንስሳት ፓርክ አለ፤ አዞ፣ ኤሊ፣ እባብ ያሳያሉ። እሱን አይተው ወደ ሆቴላቸው ይሄዳሉ።

እትዬ ጸሐይ ደስ ብሏታል። እናቷ የሚኖሩት ከታላቅ ወንድሟ ከአቶ ግርማ ጋር ነው፤ የእሱ ቤት ደግሞ ከፓርኩ ብዙ አይርቅም። እንግዶቹ አውሬ ሲያዩ እኛ ዕቃችንን አጣጥበን፣ ከዚያ እሷ እናቷ ጋ ብቅ ልትል ነው። ለእናቷ ከባሌ ማር ገዝታለች። የተነሳን ቀን ስትሰናበታቸው እናትየው ከእግራቸው ሕመም በስተቀር ደህና ነበሩ።

አዳማ ነዳጅ ለመቅዳት ቆምን። የደምሴ ስልክ ጮኸ። ወርዶ ጀርባውን ሰጥቶን ሲያወራ አየሁት። ከዚያ አስጎብኚውን ሮቤልን ጠራው። ሮቤል ጥሩ ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛውም ቀልዱም አይነጥፍም። ቀጥሎ እኔን በእጁ ጠቀሰኝ።

«የእትዬ እናት ሊነጋ ሲል አርፈዋል» አለኝ ሮቤል። «ወንድሟ ነው የደወለው። አደራ እንዳትሰማ ብሏል።»

«ቀብሩስ?» አልኩ።

«ዘጠኝ ሰዓት፣ እዚያው ሰፈራቸው ማርያም። እሷ ግን አትነገርም። ማታ ቤቷ ትገባለች፣ ከዚያ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች ሄደው ያረዷታል። እንደ ወጉ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኮ እዚያው ነን። አጠገባቸው።»

በሕይወቴ ለሮቤል ይህን ያህል ቃል ተናግሬው አላውቅም። እሱም ገረመው። ደምሴ ነው የመለሰልኝ።

«ደም ግፊት አለባት። ግርማ ‹አንዷን ዛሬ ቀብሬ ሌላዋን ነገ እንዳልቀብር› ብሎኛል። መንገድ ላይ ብትወድቅብን ማን ይጠየቃል? አንቺ ትጠየቂያለሽ?»

እውነቱን ነው፤ ብትወድቅስ? ባሌ ላይ ያለችኝን አስባለሁ፣ ክኒኗን ስትውጥ ያየኋትን አስባለሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

መኪናው ሲነሳ እትዬ ጸሐይ የማሩን ጣሳ ከዕቃው መሃል አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «መንገዱ ያፈሰዋል» አለች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ፊቴን አላሳየኋትም።

ፓርኩ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከዚያ ጀምሮ ሁላችንም ደግ ሆንን። ሮቤል «ባትሪዬ ዘጋብኝ፣ ለቢሮ ልደውል» ብሎ ስልኳን ወሰደና ኪሱ ከተተው። ደምሴ የሷን ሳጥን ተሸክሞ አወረደ፤ ተሸክሞላት አያውቅም። አምቦ ውሃ ከፍቶ ሰጣት። ዕቃ ልታጥብ ሽርጧን ስትታጠቅ ሮቤል መጥቶ እጇን ያዘ።

«ዛሬ ሥራ የለም። ዛሬ እንደ እንግዳ ገብተው ይጎበኛሉ፣ እትዬ።»

«ገብተው?» አለች። ወዲያና ወዲህ አየች። «ማነው የሚገባው? ጳጳስ መጣ እንዴ?»

ሮቤል ሊስቅ ሞከረ። እሷም ትንሽ ሳቀችና፣ ሽርጧን ሳትፈታ፣ ክንዴን አጥብቃ ይዛ ገባች። «የምድር አውሬው ጋ ስንደርስ ንገሪኝ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ» አለችኝ በጆሮዬ።

በመጀመሪያ ኤሊዎቹ ናቸው። ከዚያ በአጥር የተከበበ የሲሚንቶ ኩሬ አለ፤ አዞዎቹ ዳሩ ላይ ተኝተዋል። አንደኛው አፉን በሰፊው ከፍቶ ደርቆ ቀርቷል።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው አፉን ከፍቶ የተኛው?» አለች።

ጠባቂው «ሙቀት ሲበዛበት ነው እናቴ፣ አፉን ከፍቶ ይቀዘቅዛል» አላት።

እትዬ ጸሐይ ወደ ደምሴ ዞረች። «አየህ? አንተ ብቻ ትመስለኝ ነበር አፉን ከፍቶ የሚውል።»

ሌላ ቀን ቢሆን ደምሴ የሚመልሰው አያጣም። ስለ ሾርባዋ፣ ስለ ቁመቷ፣ የሆነ ነገር ይላታል። ያን ጊዜ ግን ዓይኑ ውሃ ሞልቶ «እውነትሽን ነው፣ እትዬ» አላት።

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመ። ደምሴን አየችው። ሮቤልን አየችው፤ ሮቤል ለእንግዶቹ ማውራት ጀመረ። መንገዱን ቀጠለች፤ ክንዴን የያዘችበት እጇ ግን ጠበቀ።

የእባቦቹ ቤት ጠባብና ሞቃት ነው። ግራና ቀኝ መስታወት፣ ከመስታወቱ ኋላ የተጠቀለለ ነገር። እንግዶቹ ወደ ጥግ ሄደው ትልቁን ዘንዶ ጠባቂው አንገታቸው ላይ ሲያደርግላቸው እየተንጫጩ ፎቶ ይነሳሉ። ዓይኗን እንድትጨፍን መንገር ነበረብኝ፤ ረሳሁት። እሷም አልጨፈነችም። ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ ከፊት ለፊቴ ቆመች። ከኋላዋ እባብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አገጬን በጣቷ ቀና አደረገችው።

ድስት ላይ ቆመን የምታየኝን አስተያየት አየችኝ። ቅንድቤን፣ የአፌን ጥግ።

ልሸሽ አልቻልኩም። ምን አድርጌ ፊቴን እዘጋዋለሁ?

«ማናት?» አለችኝ በቀስታ። ቀለሟ ጠፋ። «ልጄ ናት?»

ዝም ማለትን የመሰለ ቀላል ነገር አልነበረኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያደረግኩት እሱን ነው። ያን ጊዜ ግን ዝም ብል ሰላም ሞታለች ማለት ነው።

«ሰላም ደህና ናት» አልኳት። «ሰላም አይደለችም።»

ትንፋሿ ወጣ። ዓይኗን ለአፍታ ጨፈነች፤ ስትገልጠው ገብቷታል።

«እናቴ ናት።»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«መቼ?»

«ዛሬ። ሊነጋ ሲል።»

«ቀብሩስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት። ማርያም።»

የካውያውን ጠባሳ ማሻሸት ጀመረች። «አዳማ ላይ ማሩን ጭኔ ላይ ሳስቀምጥ ታውቁ ነበር?»

ይህንንም ፊቴ ነገራት።

«ዳግመኛ ለሙት ስንቅ አስያዛችሁኝ» አለች። «ደግሞ እናቴን ሊቀብሯት ሲሉ እኔን እባብ ታስጎበኙኛላችሁ?» እባብ ስትል ያን ጊዜ ብቻ ሰማኋት። ዘወር ብላም አላየችውም።

ወደ መውጫው ስንሄድ ሮቤል ሮጦ ቀደመን። እጆቹን ዘርግቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ በእመቤቴ፣ ወንድምሽ አደራ ብሎን ነው። ትንሽ ቁጭ በይ፣ ውሃ ጠጪ፣ ከዚያ…»

«ሮቤል» አለችው። አልጮኸችም። «ክፉ አስበህ አይደለም። አባቴን የደበቁኝም ክፉ አስበው አልነበረም። ስልኬን ስጠኝና ከፊቴ ዘወር በል።»

ስልኩን ሰጣት። ደምሴ እያለቀሰ «ኮስተሩን ላስነሳልሽ» አለ። «እንግዶችህን ያዝ፣ አውሮፕላን አለባቸው» አለችው። እንግዶቹ ዘንዶውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ዞረው ያዩናል፤ ምን እንደተፈጠረ የገባው አልነበረም። እሷ ሽርጧን እንዳደረገች ወጣች። ነጠላዋ መኪናው ውስጥ ቀረ።

ከደጁ ባጃጅ ያዝን። ያ ሰፈር ያን ጊዜ ሁሉ ነገሩ በግንባታ ላይ ነው። መንገዱ ተቆፍሯል፣ በአንድ በኩል ድንጋይ ተከምሯል፣ በሌላው የሲሚንቶ መኪና ቆሟል። ባጃጁ ይዘላል፤ እሷ ብረቱን ይዛ ወደ ፊት ብቻ ታያለች። እኔ አንገቷ ላይ የምትመታውን ሥር ነበር የማየው። ያቺ ሥር ብትበጠስ የነገርኳት እኔ ነኝ። አንዴ «እትዬ፣ ክኒንሽን…» አልኳት። «ቦርሳዬ ውስጥ ነው» አለች፤ ቦርሳዋም መኪናው ውስጥ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ባለባጃጁ ልጅ «ከዚህ አያሳልፍም» ብሎ አቆመ። ወርደን በጭቃው መሃል በእግር ሄድን። አልሮጠችም። ጉልበቷን ይዛ እየቆመች፣ እየተነፈሰች፣ እንደገና ትሄዳለች። እጄን ስዘረጋላት ይዛኝ ትነሳለች። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከታየን በኋላ አንዲትም ጊዜ አልቆመችም።

ግቢው ውስጥ ሕዝቡ ከመቃብሩ ዙሪያ ነጭ ለብሶ ቆሟል። ሳጥኑ ወርዷል። ጎረምሶቹ አፈሩን መመለስ ጀምረዋል፤ አካፋው ድንጋይ ሲነካ ይሰማል። ነጠላዬን አውልቄ ራሷ ላይ ጣል አደረግኩላት። ሴቶቹ ሲያዩዋት ጩኸት ለቀቁ። ሁለት ሦስቱ ደረቷን እንዳትመታ እጇን ሊይዙ ሮጡ።

አቶ ግርማ ሰዎቹን እየገፋ መጣ። ረጅም፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ከሌሊት ጀምሮ ድንኳን ሲያስተክል፣ ቄስ ሲጠራ፣ መኪና ሲያፈላልግ እንደዋለ ከፊቱ ያስታውቃል። መጀመሪያ ያየው እኔን ነው።

«ማነው የነገራት?»

«ማንም» አለችው እትዬ ጸሐይ። «ደግነታችሁ ነው የነገረኝ።»

አላለቀሰችም። የያዟትን ሴቶች እጅ ቀስ ብላ አስለቀቀችና የአፈሩ ክምር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አካፋ የያዙት ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። የወንድሟን እጅ ይዛ ጎተተችው።

«ቁጭ በል።»

«ጸሐይ፣ ሰው እየጠበቀ ነው። ቤት ገብተን…»

«እዚሁ። ስትሞት ፊቷን ማን አየ?»

«እኔ።»

«ንገረኝ።»

«በሰላም ነው ያረፈችው። ምንም አልተሰቃየችም፣ እንደ እንቅልፍ…»

«ግርማ! አታሳምርልኝ።»

ከጎኗ አፈሩ ላይ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ሰው እያየው የሱፍ ሱሪውን ጭቃ ላይ ዘረጋ። ጉድጓዱን አየው እንጂ እሷን አላያትም።

«ትናንት ማታ ትንፋሽ አጠራት» አለ። «ሐኪም ቤት እንውሰድሽ ብላት እንቢ አለች። ስትጠራሽ አደረች።»

«ለምን አልደወልክልኝም?»

«ከአዋሽ በሌሊት እንዳትነሺ ፈራሁ። ነግቶ ትደርሻለሽ ብዬ አሰብኩ።» አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ከበሩ ውጪ መኪና ባለፈ ቁጥር ‹ጸሐይ ናት?› ትለኛለች።»

«አንተስ ምን አልካት?»

ካህኑ ማዕጠንታቸውን እንደያዙ ቆመው ይጠብቃሉ።

«አዎ፣ እሷ ናት አልኳት» አለ። «‹ታዲያ ለምን አትገባም?› አለችኝ። ‹ጫማዋን እያወለቀች ነው› አልኳት። በሩን እያየች ጠበቀች። ከዚያ… በሩን እንዳየች ነው።»

እትዬ ጸሐይ እጁን አልለቀቀችም። በሌላው እጇ አፈር ዘግና፣ ጨብጣ ያዘችው።

«እንኳን ነገርከኝ» አለችው። «እንኳን ነገርከኝ፣ ወንድሜ።»

ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱም የጮኹት።